«የተራበ ውሃ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«የተራበ ውሃ» የሚለው የወንዝ ጥናት ቃል የውሃ እጥረትን የሚያመለክት ቢመስልም፣ የጎደለው ውሃው ሳይሆን ደለሉ ነው። ግድብ ወንዙ የሚያጓጉዘውን አሸዋና ጠጠር በሐይቁ ውስጥ ሲያስቀር፣ ከግድቡ የሚለቀቀው ጥርት ያለ ውሃ የመሸከም ጉልበቱ ስለማይቀንስ፣ የጎደለውን ጭነት ከገዛ ወለሉና ዳርቻው እየሸረሸረ ይወስዳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1963 ውሃ መያዝ ከጀመረው የግሌን ካንየን ግድብ በታች የኮሎራዶ ወንዝ ብዙ የአሸዋ ዳርቻዎቹን ያጣው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው።

ጠጠር ማውጣትም ያለ ግድብ ተመሳሳይ ረሃብ ይፈጥራል፤ በወለሉ ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ ከላይ የሚመጣውን ጠጠር ውጦ ያስቀራልና። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ሽርሸራው ሽቅብም መጓዙ ነው፦ የጉድጓዱ የላይኛው አፋፍ እየተናደ ወደ ምንጩ አቅጣጫ ስለሚያፈገፍግ፣ ከቁፋሮው ርቆ የቆመ ድልድይ እንኳ መሠረቱ ሊጋለጥ ይችላል።