«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ»

አንዱ ባጠፋ ሌላው ሲቀጣ ይባላል። ጎጃም ውስጥ በሽምግልናም በሰፈር ክርክርም ሲነሳ ትሰማላችሁ። አንዳንዱ በአይጧ ቦታ ዝንጀሮ ይላል።

ዳዋ በማሳ ዳር የሚበቅለው ቁጥቋጦና አረም ነው። አይጥ እህሉን ትበላና ዳዋው ውስጥ ትገባለች። ባለማሳው በትር ይዞ ሲደርስ እሷ የለችም። ንዴቱን የሚወጣው ዳዋው ላይ ነው።

ወደ በሽታ ስንመጣ ግን ተመቺዋ ራሷ አይጥ ናት። ቸነፈር (ፕላግ) ሲነሳ ሁሉም እሷን ይረግማል። እሷም ግን በዚያው በሽታ ትሞታለች። እ.ኤ.አ. በ1898 ፖል ሉዊ ሲሞን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ካራቺ (የዛሬዋ ፓኪስታን ውስጥ ያለች ከተማ) ላይ አንድ ነገር አሳየ፤ በሽታውን ከአይጥ ወደ አይጥ የምታሻግረው ቁንጫ ናት።

አሠራሩ ይገርማል። ቁንጫዋ የታመመች አይጥ ደም ስትመጥ ባክቴሪያው ሆዷ መግቢያ ላይ ይራባና መንገዱን ይደፍነዋል። የመጠጠችው ደም አይወርድላትም። ስለሚርባት ደጋግማ ትነክሳለች። ያልወረደው ደም ባክቴሪያውን ይዞ ወደተነከሰው ገላ ይመለሳል። አይጧ ሞታ ስትቀዘቅዝ ደግሞ ቁንጫዋ ሌላ ሙቅ ገላ ፍለጋ ትዘላለች። ቅርብ ያለው ሰው ከሆነ፣ ሰው ላይ ነው።

በአይጥ ቁንጫ የሚመጣ የተስቦ ዓይነትም አለ። እሱ በአብዛኛው የሚገባው በቁንጫዋ ኩስ ነው፤ የተነከሰውን ቦታ ስናክ ኩሷን ወደ ቁስሉ እናስገባዋለን።

እርግጥ ሁሉም ቁንጫ በሽታ አይሸከምም። ቢሆንም ጎታው ሥር መርዝ ጥለን አይጡን ብቻ ስንጨርስ ቁንጫውን አስተናጋጅ አሳጥተን ወደ መኝታችን እንደጠራነው ይቆጠራል። ቸነፈር ባለበት አገር ቁንጫው ቀድሞ ወይም አብሮ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

የቁንጫ እጮች አይነክሱም። መሬት ወለሉ ስንጥቅ ውስጥና መደቡ ሥር ባለው ትቢያ የትልልቆቹን ኩስ እየበሉ ያድጋሉ። ከዚያ በድር ተጠቅልለው ይቆዩና ሙቀትና የእግር እንቅስቃሴ ሲሰማቸው ይወጣሉ። ስለዚህ ጥግ ጥጉን መጥረግ፣ ስንጥቁን መድፈን፣ አጎዛና ቁርበቱን አውጥቶ ማራገፍና ፀሐይ ላይ ማስጣት ከንቱ ልፋት አይደለም። የሞተ አይጥም በባዶ እጅ አይነሳም።