የሞተር አየር ማስተካከል ምንድን ነው? የቮልስ ካርቡራተር እንደ ምሳሌ

በአዲስ አበባ ጋራዦች «ይህች ቮልስ አየር ትስባለች» ወይም «ቤንዚን በዝቶባታል» ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ሁለቱም አባባሎች ወደ ሞተሩ የሚገባው አየርና አብሮት የሚሄደው ቤንዚን አልተመጣጠኑም ማለት ናቸው። የሞተር አየር ማስተካከል የሚባለው ሥራም አየሩ በተሠራለት መንገድ ብቻ እንዲገባ ማድረግና ከዚያ በኋላ ለገባው አየር የሚመጥን ቤንዚን መስጠት ነው። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ራሱ የሥራው ግማሽ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው የሚጀምርበትን ካቻቢቴና ብሎን እዚህ ወደ መጨረሻው አቆየዋለሁ።

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ተሟልቶ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ቁጥሩ በክብደት ሲነገር ብዙ አይመስልም፤ በይዘት ሲታሰብ ግን አንድ ሊትር ቤንዚን በባሕር ጠረፍ ላይ ወደ 9,000 ሊትር አየር ይወስዳል፤ ይህም ወለሏ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ቁመቷ ከሁለት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ክፍልን የሚሞላ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ የሳሳ ነው፤ የአንድ ሊትር አየር ክብደት ከጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ያንኑ አንድ ሊትር ቤንዚን እዚህ ለማቃጠል ከ11,000 ሊትር በላይ አየር ያስፈልጋል።

ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያደባልቀው ካርቡራተር አየሩን የሚመዝንበት መሣሪያ የለውም። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፤ በዚህ የግፊት ልዩነት ቤንዚኑ ጂግለር በምትባለው ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብሎን በኩል ተስቦ ይወጣል። ለጠረፍ አየር የተለካች ጂግለር በሳሳ አየር ውስጥ ስትሠራ ከአየሩ ክብደት አንጻር የምትሰጠው ቤንዚን ይበዛል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ትርፉ ወደ አሥር በመቶ ይደርሳል። ጥቁር ጭስ የምታወጣና ካንዴላዋ (ድብልቁን በእሳት ፍንጣሪ የሚያቀጣጥለው) ጥቀርሻ የለበሰ ቮልስ አንዱ ምክንያቷ ይህ ሊሆን ይችላል። የጉልበት መቀነሱ ግን ሙሉ በሙሉ የካርቡራተሩ ጥፋት አይደለም፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅንም ስለሚያንስ የትኛውም ማስተካከያ የጠረፉን ጉልበት አይመልስም፤ ይህንንም ለባለ መኪናው አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው።

የአየሩ ጉዞ የሚጀምረው ከፊልትሮው ነው። የብዙዎቹ የድሮ ቮልሶች ፊልትሮ ከታች የሞተር ዘይት የሚይዝ የቆርቆሮ ዕቃ ሲሆን፣ አየሩ በዘይቱ ላይ ድንገት ሲታጠፍ አቧራው መታጠፍ አቅቶት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ዘይቱ ጭቃ ከሆነ ዕቃውን በነጭ ጋዝ አጥቦ እስከ ምልክቱ ድረስ አዲስ ዘይት መሙላት ይበቃል። የታፈነ ፊልትሮ ሞተሩን ትንፋሽ ስለሚያሳጣው፣ እሱን ሳያጸዱ ካርቡራተር መነካካት ከንቱ ድካም ነው።

ከፊልትሮውም ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ያለ ፈቃድ የሚገባ አየር ነው። ቮልስ ላይ ካርቡራተሩ መሐል ተቀምጦ ረጅም ቱቦ በግራና በቀኝ ወደሚገኙት ቴስታታዎች (የሲሊንደር ክዳኖች) ስለሚሄድ፣ አየር ሊሾልክባቸው የሚችሉ መገጣጠሚያዎች ብዙ ናቸው። በካርቡራተሩ ሥርና በቴስታታው አፍ ላይ ያሉት ጓርኒሲዮኖች (ስስ ማሸጊያዎች) ይደርቃሉ፤ ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈተው የካርቡራተሩ የአየር በር የሚዞርበት ዘንግ ተበልቶ ዙሪያው ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል የመጣው ባለ ሁለት ቀዳዳ ቴስታታ ያለው 1600 ሞተር ደግሞ የቱቦው መሐልና ጫፎች በጎማ ቀለበት ስለሚያያዙ፣ ጎማው በሙቀት ሲሰነጠቅ በቀላሉ አይታይም። ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ የሚኖረውን ዝቅተኛ ዙር፣ አልይዝ ብላ በየመብራቱ የምትጠፋ አንዲት ቮልስ አስታውሳለሁ፤ ብሎኖቿ ስንት ጊዜ እንደ ተዞሩ ከጭንቅላታቸው መበላት ይታወቅ ነበር። ሞተሩ እየሠራ በቀኙ የጎማ ቀለበት ላይ ውኃ በስሱ ስንረጭ ድምፁ ወዲያው ተለወጠ፤ ውኃው ስንጥቁን ለአፍታ ስለደፈነው ነው። ጣቴን ከቀለበቱ ሥር ስሰድ ከላይ የማይታይ፣ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አገኘሁ። ለዚህ ፍተሻ ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት መጥራት ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግ፤ ውኃውም የካንዴላ ገመዶቹን እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባል።

አየሩ በትክክለኛው መንገድ ብቻ መግባቱ ሲረጋገጥ፣ የቫልቭ ክፍተትና የማቀጣጠያው ጊዜም ልክ ሲሆኑ፣ የብሎኖቹ ተራ ይደርሳል። 34 ፒክት 3 የተባለውን የሶሌክስ ካርቡራተር እንውሰድ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ ቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚያጠበው በር) ሙሉ በሙሉ መከፈቱ በዓይን ይታይ፤ ሥራውም በተዘጋ ቤት ውስጥ አይሠራ፤ ቤንዚን የበዛበት ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። በካርቡራተሩ ግራ ጎን ላይ ሁለት ብሎኖች ጎን ለጎን አሉ። ትልቁ በአየር በሩ ዙሪያ የሚያልፈውን አየር ስለሚወስን ሚኒሞውን ያፈጥናል ወይም ያዘገያል፤ ትንሹ የሚወስነው የድብልቁን መጠን ነው። ነዳጅ መስጫው ገመድ አጠገብ ባለው ሌላ ብሎን የአየር በሩን ከፍቶ ሚኒሞ ማስያዝ የተለመደ ስሕተት ነው፤ በሩ ከልክ በላይ ሲከፈት ሁለቱ ብሎኖች ሥራቸውን ያጣሉ።

በመጀመሪያ ትልቁ ብሎን እየተዞረ ሞተሩ በደቂቃ 850 ዙር ገደማ ላይ እንዲቆም ይደረጋል። ቀጥሎ ትንሹ ብሎን በጣም በዝግታ፣ ሩብ ዙር እየተባለ፣ ሞተሩ ከሁሉ ፈጥኖ እስከሚሠራበት ቦታ ድረስ ይዞራል፤ በየመሐሉ ቆም ብሎ ማድመጥ ያሻል፤ ሞተሩ ለለውጡ መልስ የሚሰጠው ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ነውና። ከዚያ ድምፁ ጥቂት፣ 20 ወይም 30 ዙር ያህል፣ እስኪወርድ ድረስ ወደ ቀኝ ይመለስና ፍጥነቱ እንደገና በትልቁ ብሎን 850 ላይ ይደረጋል። ትንሹን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቆ መዝጋት ሹል ጫፉን ስለሚያበላሸው እጅን ማለስለስ ያስፈልጋል። ብሎኑ እየዞረ ሞተሩ ምንም ለውጥ ካላሳየ፣ ወይ መተላለፊያው ተደፍኗል፣ ወይ የአየር በሩ አልተዘጋም፣ ወይ ያልተገኘ ስንጥቅ አለ።

ይህ ሁሉ ግን የሚያስተካክለው ሚኒሞውን ብቻ ነው። መንገድ ላይ፣ ነዳጅ ሲረገጥ፣ መጠኑን የምትወስነው ዋናዋ ጂግለር ናት። የተጻፈባት ቁጥር የቀዳዳዋን ዲያሜትር በሚሊሜትር መቶኛ ስለሚናገር 127.5 ማለት 1.275 ሚሊሜትር ነው፤ በቀዳዳው ስፋት ላይ አሥር በመቶ ለመቀነስ ዲያሜትሩን አምስት በመቶ ማሳነስ ስለሚበቃ፣ ለአዲስ አበባ 120 ገደማ መሞከር ምክንያት አለው። ልኩን የሚነግረው ካንዴላው ነው፤ በዳገት ላይ ከተነዳ በኋላ ሲፈታ ጥቁር ጥቀርሻ ቤንዚን መብዛቱን፣ ነጭ አመድ መሰል መልክ አየር መብዛቱን፣ ቀለል ብሎ የተቆላ ቡና የመሰለ ቀለም ደግሞ መመጣጠኑን ያሳያል። ይህች መኪና ወደ አዋሽ፣ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በምትወርድበት ጊዜ አየሩ ስለሚከብድ ያችው ትንሽ ጂግለር ታንሳታለች፤ ቮልስ የሚቀዘቅዘውም በአየር ብቻ ስለሆነ ቤንዚን ያነሰው ሞተር በዚያ ሙቀት ከልክ በላይ ይግላል። ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው የድሮዋን ጂግለር በጨርቅ ጠቅልሎ ከካቻቢቴው ጋር ይያዝ፤ ለመቀየር የሩብ ሰዓት ሥራ ናት።