«ሪኮል» እና የመኪና ባለቤቶች አቤቱታ፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

በአሜሪካ የደኅንነት ሪኮል ማለት አምራቹ ወይም የአገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በመኪናው ላይ ለአደጋ የሚያጋልጥ ጉድለት መኖሩን ሲወስን፣ አምራቹ ያለ ክፍያ እንዲያስተካክል የሚገደድበት ጥሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ መኪናው ተጠግኖ ለባለቤቱ ይመለሳል እንጂ ተወስዶ አይቀርም። የባለቤቶች አቤቱታ ግን ገና ያልተጣራ ጥቆማ ነው። ስለ አንድ አነስተኛ ክሮስኦቨር (ከፍ ያለ የቤት መኪና) ብዙ አቤቱታ መቅረቡ ብቻውን ጉድለትን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ተመሳሳይ ችግር፣ ለምሳሌ ሞተሩ በጉዞ ላይ ድንገት መጥፋቱ፣ ሲደጋገም መሥሪያ ቤቱ ምርመራ ሊከፍት ስለሚችል አቤቱታን እንደ ከንቱ ድካም ማየት ስህተት ነው። ሪኮል ሁልጊዜ የአንድን ሞዴል መኪኖች በሙሉ አይመለከትም፤ ስለዚህ በሾፌሩ በኩል፣ ከፊት መስታወቱ ሥር የሚነበበውን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሻሲ ቁጥር በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አስገብቶ ማጣራት ያስፈልጋል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው በተለይ ይህን ያድርግ፤ የማሳወቂያው ደብዳቤ ወደ ቀድሞው ባለቤት ሄዶ ሊሆን ይችላልና።