ባክስፔሲንግ ምንድን ነው? በ1967 ሙስታንግ ምሳሌነት

ባክስፔሲንግ ማለት ቸርኬው ሞዞው ላይ ከሚያርፍበት ፊት አንስቶ እስከ ውስጠኛው ጠርዙ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ወደ መኪናው ሆድ ይገባል፤ ሲቀንስ ወደ ውጭ ይወጣል። ለ1960ዎቹ የአሜሪካ መስል ካር፣ ማለትም ጉልበታም ሞተር ላለው መኪና (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቸርኬ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስንት ኢንች እንደሆነና ስንት ቡሎን እንዳለው ነው። ሁለቱም ልክ ሆነው ጎማው ባሌስትራ ሲታከክ የተረሳው ይህ ቁጥር ነው።

ቸርኬውን ያለ ጎማ ፊቱን ወደ መሬት ደፍተው ቀጥ ያለ እንጨት በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ያጋድሙ። ከእንጨቱ የታችኛው ጎን እስከ መግጠሚያው ፊት በሜትር የሚያነቡት ባክስፔሲንጉ ነው። ጎማ ካለበት የጎማው ጎን አብጦ እንጨቱን ሊያነሳው ስለሚችል እንጨቱ ብረቱን መንካቱን ያረጋግጡ።

ኦፍሴት የሚባለው ደግሞ ይህንኑ ነገር ከቸርኬው ወገብ (ከስፋቱ መሐል) ተነስቶ በሚሊሜትር ይገልጸዋል። መግጠሚያው ፊት ከወገቡ ወደ መንገዱ ጎን ካጋደለ ፖዘቲቭ፣ ወደ ውስጥ ካጋደለ ኔጋቲቭ ነው። አንዱን ወደ ሌላው ሲቀይሩ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። 15 በ7 ሲባል 15ቱ የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው፣ 7ቱ ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበት የውስጥ ስፋት ብቻ ነው፤ የሁለቱ ጠርዞች ውፍረት ሲጨመር ሙሉ ስፋቱ 8 ኢንች ያህል ይሆናል። ስለዚህ ወገቡ 4 ኢንች ላይ ነው፣ 4.25 ኢንች ባክስፔሲንግም ፖዘቲቭ 6 ሚሊሜትር ኦፍሴት ማለት ነው። ከ7 ግማሽ የተነሳ ሰው 19 ብሎ ያሰላና 13 ሚሊሜትር ይስታል። በእነዚህ መኪኖች ላይ 13 ሚሊሜትር በመግጠምና በመታከክ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ለ1967 እና 1968 ፎርድ ሙስታንግ 15 በ7፣ ባክስፔሲንጉ 4.25 የሆነ ቸርኬ ከ225/60 አር15 ጎማ (ስፋቱ 225 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 60 በመቶ፣ ለ15 ኢንች ቸርኬ) ጋር አስተማማኝ መነሻ ነው። የጎማው ቁመት 651 ሚሊሜትር ይሆናል። የድሮውን 14 ኢንች የሚተካው 195/75 አር14 ደግሞ 648 ስለሆነ የፍጥነት መቁጠሪያው ብዙም አይዋሽም። አሁን ያው ሰው ለኋላ 15 በ8 አማረው እንበል። ባክስፔሲንጉ 4.5 ከሆነ ጠርዙ ወደ ውስጥ የሚገባው 6 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን ወደ ውጭ ግን 19 ሚሊሜትር ይወጣል፤ መኪናው ዝቅ ያለ ከሆነ ጉድጓድ ሲገባ ጎማው የፓራፋንጎውን ጠርዝ ይነክሳል። ባክስፔሲንጉ 5.25 ከሆነ የውጪው ጠርዝ ባለበት ይቆያል፣ ተጨማሪው 25 ሚሊሜትር በሙሉ ወደ ባሌስትራው ይሄዳል። ስፋቱ አንድ ነው፤ ችግሩ ግን ጎኑን ቀየረ።

ወጥመዱ የባሰ የሚሆነው ከ1994 እስከ 2004 የተሠራ ሙስታንግ ቸርኬ ሲገኝ ነው። ዋጋው ይስባል፣ ባለ ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር) ሞተሩ የድሮ ሙስታንግ እንዳለው አምስት ቡሎን በ114.3 ሚሊሜትር ክብ (በቡሎኖቹ መሐል የሚያልፈው ክብ ስፋት) ነው፣ ያለችግርም ይገባል። ነገር ግን የ17 በ8ቱ ኦፍሴት ፖዘቲቭ 30 ነው፤ ይህም 5.7 ኢንች ያህል ባክስፔሲንግ ማለት ነው። ከ4.25ቱ ጋር ሲነጻጸር የውስጠኛው ጠርዝ ወደ 36 ሚሊሜትር ይገባል፣ ፊት ለፊት ደግሞ የመሪውን ዘንግ ጫፍ ያገኛል። ይህን በስፔሰር (በሞዞውና በቸርኬው መካከል በሚገባ ውፍረት መጨመሪያ) ለማስተካከል የሚሞክር ሰው ክሩን ይቁጠር፦ ግማሽ ኢንች ውፍረት ባለው የፎርድ ቡሎን ላይ ዳዶው ቢያንስ 10 ዙር መያዝ አለበት። ከዚያ ካነሰ ረዘም ያለ ቡሎን ይግጠሙ። የቼቭሮሌት ካማሮ ቸርኬ ግን ክቡ 120.65 ስለሆነ ጭራሽ አይሞከር፤ ታግሎ የገባ እንኳ ቢመስል ዳዶው አጋድሎ ይይዝና ይላላል።

መኪናውን ሲለኩ የጎማውን ሆድ አይርሱ። 225 ጎማ 7 ኢንች ቸርኬ ላይ ከብረቱ በየጎኑ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ያብጣል፤ ቸርኬው በግማሽ ኢንች ሲሰፋ ጎማው 5 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ከኋላ ከጎማው እስከ ባሌስትራው 12 ሚሊሜትር ክፍተት ይተው፣ ምክንያቱም ኩርባ ላይ አክሰሉ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሁለቱንም ጎኖች ይለኩ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ ቦዲ ላይ አክሰሉ መሐል ላይ አለመሆኑ የተለመደ ነው፣ የሚወስነውም ጠባቡ ጎን ነው። ከፊት መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙረው፣ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ክብደቱን እንደያዘ ያረጋግጡ። በክሪክ ተንጠልጥሎ የተለካ ክፍተት ዋጋ የለውም። ወደ ዲስክ ፍሬን የቀየሩ ደግሞ የቸርኬውን ክንዶች ከካሊፐሩ (ዲስኩን ጨምቆ ከሚይዘው የፍሬን ክፍል) ጋር ያስተያዩ፤ ታምቡሩን ያለፈ ቸርኬ ካሊፐሩን ላያልፍ ይችላል።

ዳዶውም ከቸርኬው ጋር ይምረጥ። ሾጣጣ መቀመጫ ሾጣጣ ዳዶ፣ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ሻንክ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ቀጥ ያለ አንገት) ያለውን ዳዶ ከነዋሸሩ ይፈልጋል፤ የተቀላቀለ እንደሆነ አሉሚኒየሙን ይፈጨዋል። በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቁ እስከ 110 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላም እንደገና ይፈትሹት።