ሞባይል ካድ ምንድን ነው?

"ኢንጂነር፣ ከአክሲስ ሲ እስከ ዲ ስንት ነው?"

ፎርማኑ የፉቲንግ (የኮለን መሠረት) ጉድጓድ ውስጥ ቆመው፣ ሜትራቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ኤ3 ላይ የታተመው ፕላን ማታ ዝናብ መትቶት ቁጥሩ ፈዟል። ቢሮው ደሴ ነው፣ እኛ ያለነው ኮምቦልቻ። ስልኬን አወጣሁና ድሮዊንጉን ከፈትኩ። የአንዱን አክሲስ፣ ማለትም ኮለኖች የሚሰለፉበትን መስመር፣ ጫፍ ነካሁ፣ ቀጥሎ የሌላውን። "አራት ሜትር ከሰማንያ፣ ጋሼ።" ሜትሩ ተወጠረ፣ ካስማው ተመታ።

ካድ በኮምፒውተር የሚሠራ የምህንድስና ንድፍ ነው። ሞባይል ካድ ማለት ደግሞ ይህ ነው፤ ቢሮ ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራውን ድሮዊንግ ሥራው ያለበት ቦታ ይዞ ሄዶ መክፈት፣ መለካት፣ ሲያስፈልግም ማረም። ብዙ ተማሪዎች በሰፊው የሚሠራበትን የካድ ሶፍትዌር ጠቅሰው "አውቶካድ በስልክ ይሠራል ወይ?" ብለው ይጠይቁኛል። ይሠራል። ግን ምኑ እንደሚሠራና ምኑ እንደማይሠራ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስልኩ ላይ የሚታየውን አምኖ የሚቆፍር ሰው አለ።

ያቺን 4.80 የሰጠኝ ፎቶ ቢሆን ኖሮ አላምነውም ነበር። ፒዲኤፍም ቢሆን በቀጥታ አላምነውም፤ ስኬሉ ካልተጠበቀ ልኬቱም አብሮ ይበላሻል። በካድ ፋይል ውስጥ ግን ግድግዳ ሥዕል አይደለም፤ መነሻውና መድረሻው በቁጥር የተመዘገበ መስመር ነው። የፈለጉትን ያህል ቢያቀርቡት ወይም ቢያርቁት ቁጥሩ አይለወጥም። ሰው ስክሪን ላይ በቀጥታ እንዲህ እንዲነድፍ ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በኤምአይቲ ስኬችፓድ በተባለው ፕሮግራሙ ሲያሳይ መሥሪያው ክፍል የሚሞላ ኮምፒውተር ነበር። አውቶካድ በ1982 ጠረጴዛ ላይ አመጣው። በ2010 ደግሞ አውቶካድ ደብሊውኤስ በሚል ስም ወደ ስልክና ወደ ብራውዘር ገባ፤ የዛሬው የስልክ አውቶካድ የዚያ ልጅ ነው።

ካድን ይዞ የመጓዝ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ጠንካራ ላፕቶፕ የተሸከመ ሰው ሙሉውን ሶፍትዌር ይዟል፤ ክብደቱንና ቶሎ የሚያልቀውን ባትሪም አብሮ። ሌላው ብራውዘር ላይ የሚሠራ ካድ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኦንሼፕ ከባዱን ስሌት ራቅ ባለ ሰርቨር ላይ ያካሂዳል፤ ስለዚህ ደካማ ስልክም ይበቃዋል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ሥራውም አብሮ ይቆማል። ሦስተኛው እኔ ሳይት ላይ የምጠቀምበት ነው፤ ፋይሉን ራሱን ስልኩ ላይ አውርዶ መያዝ። የወረደ ድሮዊንግ ያለ ኔትወርክ ይከፈታል፣ ያረሙትም ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። ሐረጎን እየወረዱ ዳታ ለሚቆራረጥበት ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው "ፋይሉን" ሲል ነው። ድሮዊንግ አንድ ፋይል ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ የብዙ ፋይሎች ስብስብ ነው። አርክቴክቱ የስትራክቸሩን ድሮዊንግ ኮፒ አያደርገውም፤ ከራሱ ፋይል ሆኖ ይጠራዋል። ይህ ኤክስሬፍ ይባላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ስትራክቸሩ ላይ ኮለን ሲቀየር በአርክቴክቱ ፕላን ላይም ይቀየራል። ነገር ግን ዋናውን ፋይል ብቻ ወደ ስልክ ከላኩት የተጠራው ቢሮ ይቀራል።

እኔ ላይ ደርሷል። አንድ ቀን ጠዋት ከደሴ ስነሣ የአርክቴክቸሩን ፋይል ብቻ በቴሌግራም ለራሴ ላኩና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሳይት ደርሼ ስከፍተው ግድግዳው አለ፣ በሩ አለ፣ ደረጃው አለ። ኮለንና የአክሲስ መስመር ግን አንድም የለም። "ፋይሉ ጎድሏል" የሚል ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ንጹሕ፣ የተሟላ የሚመስል ፕላን ነበር ያየሁት። አንዱ ወጣት ፌራዮ አጠገቤ መጥቶ አየና "እዚህ ጋ ኮለን ቀረ እንዴ?" አለ። የቀረ መስሎት ነበር። ፌሮው ተቆርጦ፣ ስታፋው ታጥፎ ተዘጋጅቷል። ቢሮ ደውዬ ፋይሉ እስኪላክልኝ ግማሽ ቀን ሰው ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ያ ልጅ ባይጠይቅ ምን ይደርስ እንደነበር አሁንም ሳስበው ያስደነግጠኛል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከቢሮ ሳይወጡ ኮምፒውተሩ ላይ ኢትራንስሚት የሚለውን ትዕዛዝ መስጠት ነው፤ ኤክስሬፉን፣ ምስሉንና ፎንቱን ሰብስቦ አንድ ላይ ይጠቀልለዋል። ወይም ኤክስሬፎቹን ባይንድ አድርጎ ከዋናው ጋር ማዋሐድና የሳይት ኮፒ ብሎ ለብቻ ማስቀመጥ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ስልክ ላይ የሚተዳደር ነገር ባነሰ ቁጥር የሚረሳውም ያንሳል። ፎንትም ጉዳይ ነው። ዩኒኮድ ባልሆኑት በቆዩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የክፍል ስም፣ ፎንቱ ስልኩ ላይ ከሌለ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይመጣል። "ማድ ቤት" ብለው የጻፉትን ማንም አያነበውም።

ስልኩ ራሱ ያለበትን ቦታ ድሮዊንጉ ላይ በነጥብ ሲያሳይ ደስ ይላል። ለቅየሳ ግን አይታመንም። የስልክ ጂፒኤስ ስህተት በሜትር የሚቆጠር ሲሆን ፉቲንግ የሚወጣው በሴንቲሜትር ነው። ከዚህም የከፋ አለ። በአገራችን ብዙ የቆዩ ካርታዎችና ፕላኖች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ሥርዓት ነው፤ ስልክ ግን የሚሠራው በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱም ያው የካርታ ዞን 37 ላይ ናቸው፣ ቁጥሮቹም ስለሚመሳሰሉ ልዩነቱ በዓይን አይያዝም። አንዱን እንደ ሌላው አድርገው ካስገቡት ግን ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። ከጦሳ ሥር ባለው የደሴ ተዳፋት ላይ 200 ሜትር ማለት ሌላ ቀበሌ ሊሆን ይችላል። ልኬት የሚያወጣው ቀያሹ በቶታል ስቴሽኑ (ማዕዘንና ርቀት በሚለካው መሣሪያው) ነው፤ ስልኩ የሚጠቅመው የወጣው ከፕላኑ ጋር መግጠሙን ለማየት ነው።

በስልክ አዲስ ፎቅ ልንደፍ ማለት ጣትን ማድከም ነው። የጣት ጫፍ ሦስት መስመር ይሸፍናል፣ ኮምፒውተር ላይ የለመድናቸው፣ በሊስፕ ጽፈን ሥራ የምናሳጥርባቸው ትዕዛዞች የሉም፣ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ስክሪኑን ያጠፋዋል። ድሮዊንጉን ነጭ ባክግራውንድ ላይ ማየት ትንሽ ይረዳል። ማስታወሻ መጻፍ፣ የተቀየረውን በር በቀይ ማክበብ፣ የተሠራውን ለክቶ መመዝገብ ግን ሳይት ላይ ሆኖ በስልክ ከማድረግ የተሻለ መንገድ አላየሁም፤ ማታ ቢሮ ገብቶ ከትዝታ ከመጻፍ ይሻላል።

አሁን ጠዋት ጠዋት ደሴ መናኸሪያ ወረፋ ላይ ቆሜ የማደርጋት ነገር አለች። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደርግና የሳይቱን ፋይል እከፍታለሁ። አክሲሱ አለ? ኮለኑ አለ? ከዚያ ቁጥሩን በቃሌ የማውቀውን አንድ ክፍል እለካለሁ። ከገጠመ ኤርፕሌን ሞዱን አጠፋና ሚኒባሱ ውስጥ እገባለሁ። ካልገጠመ ቢሮው ገና ቅርብ ነው።