የቴኒስ ሰርቭ ምንድን ነው? ሥራው ያለው ግራ እጅ ላይ ነው

አዳማ ላይ ቴኒስ የሚጫወት ሰው በጠዋት ይነሳል። ሙቀቱን ሽሽት ብቻ አይደለም፤ ነፋሱንም ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ እነዚያ ነጫጭ ተርባይኖች የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። ነፋሱ አቧራውን ይዞ ሲመጣ ሌላው ምት እንደምንም ይችለዋል። ሰርቭ ግን ወዲያው ይበላሻል።

ሰርቭ የእያንዳንዱ ነጥብ መክፈቻ ምት ነው። ተጫዋቹ ከሜዳው የኋላ መስመር ውጭ ይቆማል። ኳሷን በአንድ እጁ ወደ ላይ ይወረውራል። መሬት ሳትነካ በራኬቱ ይመታታል። ኳሷ መረቡን ተሻግራ በሰያፍ ካለችው፣ በመስመር ከተከለለችው ሳጥን ውስጥ ማረፍ አለባት። ሳጥኗ 6.40 ሜትር በ4.11 ሜትር ናት። ዕድሉ ሁለት ነው። ሁለቱም ከተበላሹ ዳብል ፎልት ይባላል፣ ነጥቡም ለተጋጣሚ ይሄዳል። እኔ አንድ ጊዜ አራት ነጥብ በተከታታይ በዳብል ፎልት አስረክቤያለሁ። ተጋጣሚዬ ራኬቱን ሳያነሳ ጌሙን ወሰደ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፣ ከልቡ።

ቴኒስ ውስጥ የቀረው ምት ሁሉ መልስ ነው። ኳሷ ከማዶ ትመጣለች፣ እናንተ ትሮጣላችሁ። ሰርቭ ላይ ግን ኳሷ እጃችሁ ላይ ናት። የሚያሯሩጣችሁ የለም። ስለዚህ ውበቱም የእናንተ ነው፣ ጥፋቱም የእናንተ ነው። በማንም አታሳብቡም።

አሁን እርሳስና ወረቀት አምጡ። መረቡ መሃሉ ላይ ከፍታው 91.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ከኋላ መስመሩ እስከ መረቡ 11.89 ሜትር አለ። ሳጥኗ ከመረቡ ማዶ 6.40 ሜትር ላይ ታበቃለች። መረቡን ነካ አድርጎ የሳጥኗ መጨረሻ ላይ የሚያርፍ ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምሩ፣ መነሻው ከመሬት 2.6 ሜትር ገደማ ይሆናል። አብዛኛው ሰው መሬት ላይ ቆሞ ከዚያ በላይ ለመድረስ እጁንም ራኬቱንም መዘርጋት አለበት። ደግነቱ ኳስ ቀጥ ብላ አትሄድም። ክብደቷ ወደ ታች ይስባታል፣ ሽክርክሪቱም ያግዛል። ቢሆንም ተጫዋቹ ተንጠራርቶ፣ አልፎም ዘሎ የሚመታው ለማማር አይደለም። ከፍታ ፍለጋ ነው። ማማሩ በዚያው ይመጣል።

አያያዙ ቀላል ነው። ራኬቱን እንጨት ሊፈልጥ መጥረቢያ እንዳነሳ ሰው ያዙት። መጀመሪያ እጅ ላይ ይቆረቁራል። ታገሱት።

ዋናው ነገር ግራ እጅ ነው (ግራኞች፣ ለእናንተ ቀኝ)። ሰው ሁሉ ዓይኑ ራኬቱ ላይ ነው፤ ሰርቩ ግን የሚወሰነው ኳሷን በሚወረውረው እጅ ነው። እኔን ያስተማሩኝ ጋሼ በልጅነታቸው ኳስ አቀባይ የነበሩ ሰው ናቸው። ሳምንት ሙሉ ራኬት አላስነኩኝም። «ኳሷን እንደ ሲኒ አንሳት። ቡናው እንዳይፈስ» ይሉኝ ነበር። ነገሩ ገብቶኛል ብዬ ወረወርኩ። ኳሷ ወደ ኋላዬ ሄደች፣ እኔም ተጣምሜ ተከተልኳት። «ምን ያሯሩጥሃል? ኳሷ ናት ወዳንተ የምትመጣው።» ልክ ናቸው። ኳሷ በጣቶች እንጂ በመዳፍ አትያዝም። ክንድ ሳይታጠፍ ይነሳል፣ ዓይን ትክክል ላይ ሲደርስ ጣቶች ይከፈታሉ። ኳሷ ከቀኝ ትከሻ ፊት ለፊት፣ ትንሽ ወደ ሜዳው ውስጥ ገባ ማለት አለባት። ወደ ኋላ ከቀረች ምቱ ይረዝማል። በጣም ወደ ፊት ከሄደች መረብ ነው። የአዳማ ነፋስ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ ከእጅ ከወጣች በኋላ ኳሷ የነፋሱ ናት።

ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ያጮኸ ሰው የቀረውን ግማሽ ያውቀዋል። ጅራፉን የያዘው እጅ ብዙም አይፈጥንም። ጉልበቱ ከእጀታው ተነስቶ በገመዱ ይተላለፋል። ገመዱ እየቀጠነ ሲሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጧ ይላል። ሰርቭም እንደዚያው ነው። ጉልበት ይታጠፋል፣ እግር መሬቱን ይገፋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ክርን፣ መጨረሻ ላይ የእጅ አንጓ። አንዱ ሊያበቃ ሲል ሌላው ይቀበለዋል። ራኬቱ የጅራፉ ጫፍ ነው። መጀመሪያ በጠርዙ፣ እንደ መጥረቢያ ስለት፣ ወደ ኳሷ ይወጣል። በመጨረሻዋ ቅጽበት ክንድ ይዞርና የራኬቱ ጅማት ኳሷን ይገጥማል። ከምቱ በኋላ መዳፉ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ኳሷ ጅማቱ ላይ የምትቆየው 5 ሺኛ ሰከንድ ያህል ነው። እዚያ ደርሶ ማስተካከል የለም። ጀማሪ ይህን ሁሉ ትቶ በክንዱ ብቻ ይደበድባታል፣ ማታ ትከሻውን በቅባት ሲያሽ ያመሻል።

ዓይነቱ ሦስት ነው። ፍላት ቀጥ ያለ፣ ፈጣኑ ምት ነው። ስላይስ ጎኗን ተፍቃ የምትሄድ ነው፤ ዝቅ ብላ ነጥራ ወደ ጎን ትሸሻለች። ኪክ ከታች ወደ ላይ ይፈተጋል፤ ኳሷ መረቡን በሰፊው ታልፍና ወደ ታች ትወርዳለች፣ ስትነጥር ደግሞ ትከሻ ድረስ ትዘላለች። ለሁለተኛው ሰርቭ የሚመረጠው እሱ ነው፣ አስተማማኝ ስለሆነ።

አዳማ ግን ሌላም ጣጣ አላት። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ኳሷ የሚይዛት አየር ያንሳል፣ ሽክርክሪቷም ብዙ አይነክስም። በሌላ ቦታ ሳጥኗ ውስጥ የምትወድቅ ኳስ እዚህ ትረዝማለች። የዓለም አቀፉ ሕግ ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። እኛ ያገኘነውን እንመታለን።

በፍጥነት ከሆነ አሜሪካዊው ጆን ኢስነር እ.ኤ.አ. በ2016 በአገሮች ውድድር በዴቪስ ካፕ በሰዓት 253 ኪሎ ሜትር መትቷል። ቁመቱ 2.08 ሜትር ነው፤ 2.6ቷ ለሱ ምኑም አይደለች። እኔ ግን ፈጣን ሰርቭና ያማረ ሰርቭ አንድ አይመስሉኝም። የሴሬና ዊሊያምስን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 በዊምብልደን ውድድር 102 ጊዜ ተጋጣሚዎቿ ሳይነኩባት ነጥብ ወስዳለች። ጉልበቱ አለ፤ ግን ኳሷን ስትወረውር እዩዋት። ወደየትም ልትመታ አስባ እንደሁ አወራወሯ ያው ነው። ተቀባይዋ ከምን ታንብብ? ሮጀር ፌደረርም እንደዚያ ነበር፤ ፈታ ብሎ፣ ማንንም ሊጎዳ ያሰበ ሳይመስል።

አንድ ሕግ ደግሞ ብዙ ሰው አያውቃትም። የወረወሯት ኳስ ካላማረች አለመምታት ይቻላል። ራኬት ሰንዝሮ መሳት ጥፋት ነው፤ ሳይሰነዝሩ ይዞ እንደገና መወርወር ግን አይደለም። ባለፈው ረፋድ ላይ ጋሼ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ሲጫወቱ ነፋሱ ተነሳ። ወረወሩ፣ ያዙ። ወረወሩ፣ ያዙ። ሦስተኛውንም ያዙ። ልጁ ማዶ ሆኖ አንዴ በአንዱ እግሩ፣ አንዴ በሌላው ይቆማል።

«ኧረ ጋሼ፣ ይምቱ እንጂ!»

«ቸኮልክ እንዴ?»

አጥሩ ጋ ያለው ዛፍ ቅጠሉ ጸጥ አለ። ግራ እጃቸው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ሲኒው ሳይፈስ። ልጁ ወደ ቀኝ ሲንቀሳቀስ ኳሷ በግራው አልፋ ሽቦውን አንኳኩታ ነበር።