ሎስት፦ ስለ ስድስተኛው ሲዝን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሎስት የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2004 ሲሆን፣ የተቋጨው ሜይ 23 ቀን 2010 ነው። ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ ይበር የነበረው ኦሺያኒክ 815 የተባለ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ተሰብሮ ማንም በማያውቀው ደሴት ላይ ይወድቃል። የተረፉት መንገደኞችም ጫካው ውስጥ የዋልታ ድብ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት በርና ሰው የሚገድል ጥቁር ጭስ ያገኛሉ። ለአምስት ሲዝን እንቆቅልሽ ሲደራረብ ቆይቶ፣ መልሱ ሁሉ የሚጠበቀው ከስድስተኛው ሆነ።

የዚህ ሲዝን ወሬ በተነሳ ቁጥር ታዲያ «እሱማ ሁሉም መጀመሪያውኑ ሞተው ነበር እኮ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ጀምረው ያቋረጡት ይሉታል፣ እስከ መጨረሻው ያዩትም ይሉታል። ስድስት ዓመት የተለፋበትን ታሪክ በአንድ አፍ የሚያፈርስ አባባል ስለሆነ ሰምቼ ማለፍ አልሆነልኝም። ድራማውን ገና ያላያችሁ፣ ከዚህ በታች መጨረሻው ተነግሯልና አይታችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

«አውሮፕላኑ ሲወድቅ ሁሉም ሞተዋል»

አልሞቱም። ደሴቱ ላይ ያየነው ፍቅር፣ ግድያና መስዋዕትነት በሙሉ በሕይወት ያሉ ሰዎች የኖሩት ነው። የሞተው እዚያው ሞቷል፤ የተረፈውም ተርፏል።

ግራ የሚያጋባው ስድስተኛው ሲዝን ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን ማስኬዱ ነው። አንዱ ደሴቱ ላይ የቀጠለው ነው። በሌላው ኦሺያኒክ 815 ጨርሶ ሳይወድቅ ሎስ አንጀለስ በሰላም ያርፋል፤ እዚያ ዶክተር ጃክ ወንድ ልጅ አለው፣ አጭበርባሪው ሶየር ፖሊስ ሆኗል፣ ዕድለ ቢሱ ሀርሊ ዕድል የቀናው ባለጸጋ ነው። ከሞት በኋላ ያለው ይህ ጎንዮሽ ታሪክ ብቻ ነው። ሰዉ ግን የአንዱን ምስጢር ለሁለቱም አደረገው።

የመጨረሻው ክፍል ነገሩን በግልጽ ተናግሮታል። ጃክ በቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ክፍል ውስጥ የአባቱን የሬሳ ሣጥን ሲከፍት ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ዞር ሲል አባቱ ክርስቲያን ቆሟል። ጃክ ራሱም መሞቱ የዚያን ጊዜ ይገባውና ያለቅሳል። አባትየው በጃክ ላይ የደረሰው ነገር ሁሉ እውነት እንደነበር፣ ውጭ የሚጠብቁት ሰዎችም እውነተኛ እንደሆኑ ይነግረዋል። ሁሉም ሞተዋል ወይ ብሎ ሲጠይቀው ደግሞ ሁሉም ሰው አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ካንተ በፊት፣ አንዳንዶቹ ካንተ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይተው ሞተዋል ይለዋል። አደጋው ሁሉንም በአንድ ቅጽበት ገድሏቸው ቢሆን ኖሮ «በፊት» እና «በኋላ» ማለት ምን ትርጉም ይኖረዋል? እዚያ ቦታ «አሁን» የሚባል ጊዜ ስለሌለ፣ በመጀመሪያው ሲዝን የሞተው ቡን እና ከደሴቱ አምልጣ የሄደችው ኬት እኩል ይደርሳሉ። ኬት ጃክን ስታገኘው በጣም ናፍቀኸኝ ነበር የምትለውም ያለ እሱ ረጅም ዘመን ስለኖረች ነው።

ይህም ካልበቃ ከአደጋው በፊት በደሴቱ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ይመራ የነበረውን ቤን ላይነስን ተመልከቱት። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አይገባም። ሀርሊ ወጥቶ ጥሩ ምክትል ነበርክ ሲለው፣ እሱም አንተ ደግሞ ድንቅ አለቃ ነበርክ ብሎ ይመልስለታል። ይህ ሁለቱ ከጃክ ሞት በኋላ ደሴቱን እየጠበቁ ስለኖሩበት፣ ካሜራው ስላላሳየን ዘመን የሚያወሩት ነው። ደሴቱን ለቆ በበረረው አጂራ 316 በተባለው አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ኬት፣ ሶየር፣ ክሌር፣ ማይልስ፣ ሪቻርድና አብራሪው ላፒደስ ነበሩ።

ለስህተቱ ኤቢሲ ራሱም አስተዋጽኦ አድርጓል። ድራማው አልቆ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ሲያልፍ፣ ሰው በሌለበት የባሕር ዳርቻ ላይ የተበተነ የአውሮፕላን ስብርባሪ ይታያል። ብዙ ተመልካች ይህን አይቶ «አሃ፣ ማንም አልተረፈም ማለት ነው» አለ። ምስሎቹን የጨመረው ግን ጣቢያው ነው፤ ተመልካቹ ከዚያ ስሜት ወጥቶ ወደ ዜናው ከመግባቱ በፊት ትንፋሽ እንዲወስድ በማሰብ። የድራማው አዘጋጆች እጅ የለበትም፤ ኤቢሲም በማግስቱ ግድም ይህንኑ አስረድቷል። ስብርባሪው በ2004 ለመጀመሪያው ክፍል ሲባል ኦዋሁ በምትባለው የሃዋይ ደሴት ዳርቻ ላይ የተዘረጋ እውነተኛ የሎክሂድ አውሮፕላን አካል ነው። በዚያች ሰዓት መታየቱ እጅግ የሚያስቆጭ ውሳኔ ነበር።

«ደሴቱ ሲኦል ነው»

ስለዚህኛው ብዙ ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም አባባሉ ድራማው ውስጥ አለ። የተናገረው ማን እንደሆነ ግን ሰዎች ዘንግተውታል።

ደሴቱ ላይ ሳያረጅ የኖረውን ሪቻርድን የሚመለከተው ክፍል በማርች 2010 ታይቷል። ታሪኩ በ1867 ቴነሪፌ ላይ ይጀምራል። ሪቻርድ የታመመች ሚስቱን ኢዛቤላን ለማዳን መድኃኒት ፍለጋ ሄዶ ሳያስበው ሐኪሙን ይገድላል። ሚስቱም ትሞታለች፤ እሱ በባርነት ተሽጦ፣ በሰንሰለት ታስሮ የተጫነባት መርከብ በማዕበል ተገፍታ ደሴቱ መሀል ትወድቃለች። በረሃብና በጥም ሊሞት ሲል ጥቁር የለበሰ ሰው መጥቶ ይፈታዋል። ይህ ሰው ነው ሲኦል ውስጥ ነህ የሚለው። ሚስትህን ዲያብሎስ ይዟታል፤ ልታገኛት ከፈለግህ ሄደህ ግደለው ብሎ ጩቤ ያስጨብጠዋል። «ዲያብሎስ» የተባለው የደሴቱ ጠባቂ ጄከብ ነው፤ ጥቁር ለባሹ ደግሞ ራሱ የጭሱ ጭራቅ ነው።

ሪቻርድ ጩቤውን ይዞ ወደ ጄከብ ይሄዳል፤ ተደብድቦ መሬት ላይ ይዘረራል። እኔ እኮ ሙት ነኝ ሲል ጄከብ እየጎተተ ባሕር ያስገባውና ጭንቅላቱን ደጋግሞ ውኃ ውስጥ ይደፍቀዋል፤ አሁንም የሞትክ ይመስልሃል ወይ እያለ ይጠይቀዋል። ሪቻርድ ትንፋሽ እያጠረው እንዲተወው ይለምነዋል። ለምን ልተውህ ሲባል፣ መኖር እፈልጋለሁና ይላል። ጄከብም እስካሁን ከተናገርከው ቁም ነገር ያለው ይህ ብቻ ነው ብሎ ያወጣዋል።

ደራሲዎቹ ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምረው ደሴቱ የሙታን ማቆያ አይደለም ሲሉ ኖረዋል። እዚህ ላይ ያንኑ መልስ በትዕይንት ሰጡት፤ «ሁላችንም ሙታን ነን» የሚለውን ግምት ወስደው በክፉው አፍ አስገቡት፣ ሰው አሳስቶ ለማስገደል የሚጠቅም ውሸት አደረጉት። ስለዚህ ደሴቱ ሲኦል ነው የሚል ተመልካች ሳያውቀው የጭራቁን ቃል ነው የሚደግመው። ለእኔ የስድስተኛው ሲዝን ትልቁ ጥበብ ይህ ነው።

ጫካው ውስጥ የሚሰማው ሹክሹክታ የሙታን መሆኑ እውነት ነው። ከሞቱት አንዱ የሆነው ማይክል ለሀርሊ እንደሚነግረው፣ በሠሩት በደል ምክንያት ከደሴቱ መሄድ ያልቻሉ ነፍሳት ድምፅ ነው። የሚሰሙት ግን በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው።

«ጎንዮሹ ታሪክ ቦምቡ የፈጠረው ሌላ ዓለም ነው»

እንዲህ ያሰበ ሰው አይፈረድበትም፤ ደራሲዎቹ ሆን ብለው ነው ወደዚያ የመሩት። አምስተኛው ሲዝን ያለቀው በ1977 የሶየር ፍቅረኛ ጁልየት የሃይድሮጅን ቦምቡን በድንጋይ ስትመታው ነው። ቦምቡ ከፈነዳ አውሮፕላኑ ከነአካቴው አይወድቅም ተብሎ ነበር። ስድስተኛው ሲዝን ሲከፈት ደግሞ አውሮፕላኑ ሳይወድቅ ሲበር እናያለን። ጁልየት ከሞተች በኋላም የሙታንን ሐሳብ መስማት የሚችለው ማይልስ መቃብሯ ላይ ሆኖ «ሠርቷል» ልትል ፈልጋ እንደነበር ይናገራል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

መልሱ በመጨረሻው ክፍል ሆስፒታል ውስጥ ይመጣል። ሶየር ከመሸጫ ማሽን ቸኮሌት ለማውጣት ይታገላል፤ ቸኮሌቱ ተይዟል። ጁልየት መጥታ ሶኬቱን ነቅለህ መልሰህ ሰካው ትለዋለች። ሲነቅለው መብራቱ ድርግም ይላል፣ ቸኮሌቱ ይወድቃል፣ እሷም «ሠርቷል» ትላለች። እጃቸው ሲነካካ አብረው የኖሩት ሕይወት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመለስላቸዋል። ደሴቱ ላይ ስታጣጥር ቡና እንጠጣ እያለች የቀባዠረችውም እዚሁ ማሽን ፊት ለፊት የምትናገረው ነው። ነፍሷ ስትወጣ ይህን ቦታ እያየች ነበር እንጂ ስለ ቦምቡ አላወራችም። ቦምቡ ያለፈውን እንዳልቀየረ ለማወቅ እንኳ መጨረሻውን መጠበቅ አያስፈልግም፤ በሲዝኑ የመጀመሪያ ክፍል ኬትና ጃክ ሲነቁ ራሳቸውን የሚያገኙት አውሮፕላኑን በጣለውና በኋላ በፈራረሰው የመሬት ውስጥ ጣቢያ ጉድጓድ አጠገብ ነው። ያለፈው ተቀይሮ ቢሆን ጣቢያው ባልተሠራ ነበር።

«ሎክ ከሞት ተነሳ»

አልተነሳም። ከአደጋው ከተረፉት መንገደኞች አንዱ የሆነው ሎክ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በቤን እጅ ታንቆ ሞቷል፤ በስድስተኛው ሲዝን የሚራመደው ጥቁር ለባሹ ነው፤ መልኩን ወስዶ። ተዋናዩ ቴሪ ኦኩዊን በአንድ ፊት ሁለት ፍጹም የተለያዩ ሰዎችን መጫወቱ ሊመሰገን ይገባል።

«ጄከብ እግዚአብሔር ነው፣ ወንድሙ ሰይጣን»

ነጭና ጥቁር ልብሳቸውን ላየ እንዲህ ሊመስለው ይችላል። መጨረሻው ሊታይ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የተላለፈው ክፍል ግን ጄከብና ጥቁር ለባሹ ሁለቱም ከሴት የተወለዱ መንታዎች መሆናቸውን አሳየን። እናታቸው ክላውዲያ ከመርከብ አደጋ ተርፋ ደሴቱ ላይ ትወልዳለች፤ ያዘጋጀችው ስም አንድ ብቻ ነበር፣ እሱንም ለመጀመሪያው ልጅ ሰጠችው። ሁለተኛው ስም አልባ የሆነው በዚህ ነው። ያዋለደቻቸው ሴት ክላውዲያን በድንጋይ ገድላ ልጆቹን ታሳድጋለች። አድጎ እውነቱን ያወቀው ስም የለሹ ይህችን ሴት ሲገድላት፣ ጄከብ በንዴት ወንድሙን ብርሃን ወዳለበት ዋሻ ይወረውረዋል። ጭሱ የወጣው ከዚያ ነው። ጭራቁ የጄከብ የእጁ ሥራ ነው ማለት ነው።

ጄከብም አልካደም። በእሳት ዙሪያ ለተቀመጡት ለጃክ፣ ኬት፣ ሶየርና ሀርሊ ከብዙ ዘመን በፊት ስህተት መሥራቱን ይነግራቸዋል፤ እሱን እንዲተኩ የመረጣቸውም እንደ እሱ ብቸኛና የተጎዱ ስለነበሩ ነው ይላል። ኬት የዕጩዎቹ ስም ከተጻፈበት ዋሻ ስሟ ለምን እንደተሰረዘ ስትጠይቀው እናት ስለሆንሽ ነው ይላታል። ቀጥሎም ዋሻው ላይ ያለ የጠመኔ መስመር እኮ ነው፣ ከፈለግሽ ሥራው ያንቺ ነው ይላታል። ሲያሰቃያቸው የኖረው «ዕጣ ፈንታ» በጠመኔ የተጻፈ ስም ነበር።

«መጨረሻው የክርስቲያኖች ገነት ነው»

ይህ አባባል ቦታው ቤተ ክርስቲያን በመሆኑ የመጣ ነው። ጃክ ከአባቱ ጋር ከቆመበት በስተጀርባ ያለውን ባለቀለም መስኮት አስተውሉ፤ መስቀል፣ ጨረቃና ኮከብ፣ የዳዊት ኮከብ፣ የሂንዱዎቹ ኦም፣ የቡድሃ መንኮራኩርና ዪንያንግ አንድ ላይ አሉበት። ኢራቃዊው ሙስሊም ሳይድም ከገቡት መካከል ነው። ክርስቲያን እንደሚለው ቦታውን የሠሩት እርስ በርስ ለመገናኘት ራሳቸው ናቸው።

«ምንም ነገር አልተመለሰም»

ብዙው ጥያቄ ተመልሷል፤ ያልተመለሰ የሚመስለው መልሱ በተለያዩ ሲዝኖች ተበትኖ ስለቀረ ነው። የዋልታ ድቦቹን ለምርምር ያመጣቸው ዳርማ የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን ነው፤ የታሰሩባቸውን ጎጆዎች በሦስተኛው ሲዝን፣ የዳርማ ማሰሪያ ያለበትን የድብ አጽም ደግሞ በአራተኛው ቱኒዚያ በረሃ ውስጥ አይተናል። 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23፣ 42 የሚሉት ቁጥሮች ጄከብን ለመተካት የታጩት ሰዎች ተራ ቁጥር ናቸው፤ 4 ሎክ፣ 8 ሀርሊ፣ 15 ሶየር፣ 16 ሳይድ፣ 23 ጃክ፣ 42 ደግሞ ክዎን፣ ማለትም ከባልና ሚስቱ አንዳቸው፣ ጂን ወይም ሰን። በመጀመሪያው ሲዝን ዋሻ ውስጥ የተገኙት ሁለት አጽሞች ስም የለሹና አሳዳጊ እናቱ ሆነው ተገኝተዋል። በአምስተኛው ሲዝን እነ ሶየርን በታንኳ እያሳደዱ የተኮሱባቸው እነማን እንደሆኑ ግን እስከ መጨረሻው አልተነገረንም፤ በዚህ ቅር የተሰኘ ሰው እውነት አለው።

«ዝም ብለው እየጻፉ ነው የሄዱት»

ግማሹ ልክ ነው። ጃክ በመጀመሪያው ክፍል እንዲሞት ታስቦ ነበር፤ ቤንን የተጫወተው ማይክል ኤመርሰን ለሦስት ክፍል ብቻ ተቀጥሮ በችሎታው የድራማው ምሰሶ ሆነ። ነገር ግን ዋና አዘጋጆቹ ዴመን ሊንደሎፍና ካርልተን ኪዩዝ በ2007 ከጣቢያው ጋር ተስማምተው፣ 48 ክፍል ቀርቶት በ2010 እንዲያልቅ ቁርጥ ቀን አሰጡት። ጥሩ ተመልካች ላለው ድራማ እንዲህ ቀድሞ ማብቂያ መቁረጥ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ያልተለመደ ነበር። መጨረሻው ከዚያ በኋላ የታቀደ ነው።

«ዋልትን ረሱት»

ዋልት ከአደጋው የተረፈው የማይክል ልጅ ነው። የተጫወተው ማልኮም ዴቪድ ኬሊ ፈጥኖ አደገ፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ያለፉት ጥቂት ሳምንታት ነበሩ፤ ልጁ ከደሴቱ የወጣው በዚህ ነው። አልተረሳም። በ2010 ከሲዝኑ ዲቪዲ ጋር የወጣች 12 ደቂቃ ገደማ የምትሆን ተጨማሪ ክፍል አለች። ቤን፣ ሀርሊ ታክሞበት ወደነበረው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሄዶ ዋልትን ያወጣዋል። ውጭ መኪና ውስጥ ሀርሊ ይጠብቀዋል፤ ሥራ እንዳለውና ቦታው ደሴቱ እንደሆነ ይነግረዋል። ዋልት አባቴ እኮ ሞቷል ሲል፣ ሀርሊ ሞቷል ማለት ልትረዳው አትችልም ማለት አይደለም ይለዋል። አባቱ ጫካው ውስጥ ከሚያንሾካሹኩት አንዱ የሆነው ማይክል ነው።